የሚያስፈራ ታሪክና ማንበብ የማይወድ ልጅ

ልጆች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ልጅ፣ ስለ አንድ መጽሐፍና እኔ ራሴ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉም መምህራን ከእኔ ጋር አይስማሙም፤ አንዳንድ ወላጆችም አይስማሙም። እኔ የማምንበትን እጽፋለሁ። እናንተ ደግሞ አንብባችሁ ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት በአሜሪካን አገር ነው። ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ባለችው ክፍል ተሰብስበን ፊደል እንቆጥራለን፣ መዝሙር እናጠናለን፣ የቅዱሳንን ታሪክ እንሰማለን። ከእነርሱ መካከል አንድ የ11 ዓመት ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም። ተራው ደርሶ «አንብብ» ሲባል እርሳሱ ከእጁ ይወድቃል፤ ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ይቆያል። ወይም ውኃ ይጠማዋል። ወይም ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋል። ግድ ሆኖበት ሲያነብ ደግሞ «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ነ»ን ከ«ካ» ያምታታል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ የእርሱ ጆሮ ይቀላል። ችግሩ ከአማርኛ ብቻ አልነበረም። በሳምንቱ ቀናት በሚማርበት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛውም ያው እንደሆነ እናቱ ነግራኛለች። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን መጽሐፍ ሲያይ ይሸሽ ነበር።

አንድ እሑድ ይህ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ፀጥ ብሎ አየሁት። ደስ አለኝ፤ የሚያጠና መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ስመለከት ግን ከፊደል መጽሐፉ ሥር ሌላ መጽሐፍ ይዟል። ሽፋኑ ላይ ጥርሱ ያገጠጠ አስቀያሚ ፊት ተሥሏል። ወዲያው ነጠቅሁት። በልጆቹ ሁሉ ፊት «በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ትመጣለህ?» ብዬ ጮኽሁበት፤ መጽሐፉንም ከቦርሳዬ ከተትሁት። ልጁ አላለቀሰም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «ጋሼ፣ እባክዎ ገጹን እጠፉልኝ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም እሑድ አልመጣም።

«ገጹን እጠፉልኝ» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጆች፣ ማንበብ የማይወድ ልጅ ገጹ እንዳይጠፋበት አይጨነቅም። የሚጨነቀው የሚያነብ ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት መጽሐፉን አወጣሁና፣ ሊነቀፍ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ ላጣራ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እራት ቀዝቅዞብኝ ነው የጨረስሁት።

መጽሐፉ «ጉስባምፕስ» ከሚባሉት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍላችሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ1992 ነው። እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ በዋናው ተከታታይ ብቻ 62 መጻሕፍት ወጡ፤ ከዚያም በኋላ በሌሎች ስሞች ቀጥለዋል። ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመው ከ400 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል። ጸሐፊው አር. ኤል. ስታይን ይባላል፤ በ1943 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ተወለደ። በ9 ዓመቱ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና አገኘና በዚያው መጻፍ ጀመረ። በልጅነቱ ፈሪ እንደነበረ ራሱ ይናገራል። እናቱ አስፈሪ የሥዕል መጽሔቶችን ወደ ቤት እንዳያስገባ ስለ ከለከለችው ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካይ ቤት እየሄደ እዚያ ያነባቸው ነበር። አስፈሪ ታሪክ ከመጻፉ በፊት ለብዙ ዓመታት የልጆች የቀልድ መጻሕፍት ጸሐፊ ነበር፤ ይህንን ልብ በሉ፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

«ጉስባምፕስ» ማለት ምን ማለት ነው? ብርድ ሲመታችሁ ወይም ስትደነግጡ በክንዳችሁ ላይ ትንንሽ ጉብታ ይወጣ የለም? ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ፣ ፀጉሬ ቆመ የምንለው እርሱን ነው። በእያንዳንዷ ፀጉር ሥር በጣም ትንሽ ጡንቻ አለች። ስትኮማተር ፀጉሯን ታቆማታለች፣ ቆዳውም እብጥ ይላል። ድመት ውሻ ባየች ጊዜ ጠጉሯ ቆሞ ሁለት እጥፍ የምታክለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ድመትን ያህል ፀጉር ስለሌለን ማንንም አናስፈራራበትም፤ ጉብታው ብቻ ቀርቶልናል።

ልጁ የያዘው መጽሐፍ በ1993 የወጣ ሲሆን ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ክፉ መንፈስ ያደረበት ጭንብል» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ካርሊ ቤት ስለምትባል የ11 ዓመት ልጅ ነው። በቀላሉ የምትደነግጥ ስለሆነች የክፍሏ ልጆች መጫወቻ አድርገዋታል። አንድ ቀን በምሳዋ ዳቦ ውስጥ ትል ያስገቡባታል፤ ሳታውቅ ትገምጠዋለች፤ ሁሉም ይስቁባታል። እርሷም በተራዬ አስደነግጣቸዋለሁ ብላ ትነሣለች። አሜሪካውያን ልጆች ጭንብል አጥልቀው ከረሜላ በሚለምኑበት የጥቅምት ወር በዓል ምሽት፣ አንድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ እጅግ አስቀያሚ ጭንብል አግኝታ ታጠልቃለች። መጀመሪያ ደስ ይላታል፤ የሳቁባት ልጆች ደንግጠው ይሸሻሉ። ቆይታ ልታወልቀው ስትል ግን ጠርዙ የለም። ጭንብሉ ከፊቷ ጋር ተጣብቋል። ድምፅዋ ተለውጧል። ጠባይዋም እየከፋ ሄዷል።

ጸሐፊው ይህን ሐሳብ ያገኘው ከገዛ ልጁ እንደሆነ ተናግሯል። ትንሹ ልጅ የጭራቅ ጭንብል አጥልቆ ማውለቅ አቅቶት ሲታገል አባት ቆሞ ይመለከት ነበር። (ልጁን ሊረዳው ሲገባ ስለ መጽሐፍ ማሰቡ አባትነቱን ትንሽ ያስነቅፈዋል።)

እኔን ያስቆመኝ ግን የመፍትሔው ነገር ነው። የሱቁ ባለቤት ጭንብሉ ሊወልቅ የሚችለው በፍቅር ምልክት ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ልጅቷ ትጨነቃለች። በኋላ ትዝ ይላታል፤ እናቷ ስለምትወዳት የእርሷን ፊት አስመስላ የጀሶ ራስ ሠርታላት ነበር። ካርሊ ቤት ያን ምስል ንቃ ለማስፈራሪያ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ሰክታ ስትዞር አምሽታለች። ያዳናት እርሱው ነው።

ልጆች፣ እኔ መጽሐፉን የከፈትሁት ጥፋት ልፈልግ ነበር። ያገኘሁት ግን የተሳቀበት ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ መጽሐፍ ነው። ከዚያም የእኛን ክፍል አሰብሁ። እርሳሱን ፈልጎ ጎንበስ የሚለውን ልጅ አሰብሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ማንበብ የሚከብደው ልጅ ይህን መጽሐፍ እንዴት አነበበው? ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ ወደ 120 ገጽ ገደማ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ምዕራፉም አጭር ነው፤ ደካማ አንባቢ እንኳ በአንድ ቁጭታ አንዱን ይጨርሰዋል፤ «ጨረስሁ» ማለት ደግሞ ለእንደዚህ ያለው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ባለ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚያበቃው ደግሞ ልክ በሩ ሲንኳኳ፣ ልክ መብራቱ ሲጠፋ፣ ልክ ከኋላ የሆነ እጅ ትከሻ ሲይዝ ነው። እንዴት ተብሎ እዚያ ላይ ይቆማል? ልጁ ለማወቅ ሲል አንድ ገጽ ይገልጣል። ያችን አንድ ገጽ ለማስገለጥ እኛ መምህራን ስንት ጊዜ ለምነናል፣ ስንት ጊዜ ተቆጥተናል!

«ታዲያ ለምን ቅዱስ መጽሐፍ አያነብም?» ያለኝ አንድ ወንድም አለ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ከራሳችን ቤት ይገኛል። የጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪን በመጀመሪያው ቀን ዳዊት ላይ አስቀምጦ «አንብብ» ብሎት ያውቃል? አያውቅም። የኔታ መጀመሪያ ሀ ሁ ያስቆጥሩታል። ከዚያ አቡጊዳ አለ። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት ይመጣል፤ እርሱንም ቢሆን በመጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ቀጥሎም ድምፁን እያዋሐደ፣ በመጨረሻም አቀላጥፎ እንዲያነበው በየደረጃው ያስኬዱታል። ወንጌሉ ቀጥሎ፣ ዳዊቱም ከዚያ በኋላ ነው። አባቶቻችን መሰላል አበጅተው ነበር። ዛሬ አንዳንዶቻችን ልጁን ከመሰላሉ ጫፍ ለማስቀመጥ እንሞክርና ሲወድቅ ሰነፍ እንለዋለን።

ሰነፍ ስለሚባሉት ልጆች አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። አንዳንድ ልጅ ማንበብ የሚያስቸግረው ስንፍና ስላለበት አይደለም። ዲስሌክሲያ የሚባል ነገር አለ፤ አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማያያዝ ብቻ የሚከብደው ልጅ አለ። ዓይኑም ጤነኛ ነው፣ ማሰቡም ጤነኛ ነው። በስኮትላንድ በኤድንብራ ከተማ በ1998 የተቋቋመው ባሪንግተን ስቶክ የተባለው አሳታሚ መጻሕፍትን የሚያዘጋጀው ለእነዚህ ልጆችና ማንበብ ለማይወዱ ልጆች ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ዓይን እንዳይወጋ ወደ ክሬም ቀለም ያደላ ነው። ፊደሉ ተለይቶ የተመረጠ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታም ሰፋ ያለ ነው። ታሪኩ ግን የሕፃናት አይደለም፤ የ12 ዓመት ልጅ የ12 ዓመት ልጅን ታሪክ ያነባል። ከእነዚህም ውስጥ አስፈሪ ታሪኮች አሉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸልና ስለ ኳስ የሚያወራ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ሲሰጠው የሚሰማውን ኀፍረት ያየ ሰው የዚህ ሥራ ጥቅም ይገባዋል።

ብዙዎች ወላጆችን የሚያሳስባቸው የንባቡ ነገር አይደለም፤ የፍርሃቱ ነገር ነው። ይህንንም አላቃልልም። የልጁ እናት ሽፋኑን ባየች ጊዜ አማትባለች። በአሜሪካም ቢሆን ክርክሩ ትልቅ ነበር። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ1990 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የቀረበባቸውን 100 መጻሕፍት ሲዘረዝር ጉስባምፕስ 15ኛ ሆኗል። አንደኛ የሆኑት ደግሞ አልቪን ሽዋርትዝ ከሕዝብ አፍ የተወሰዱ የማስፈራሪያ ተረቶችን ሰብስቦ በ1981፣ በ1984 እና በ1991 ያሳተማቸው ሦስት መጻሕፍት ናቸው። በእነዚያ መጻሕፍት ከተረቶቹ ይልቅ እጅግ የሚያስፈሩት ስቲቨን ጋሜል የሣላቸው ሥዕሎች ነበሩ። በ2010 አሳታሚው በሌላ ሠዓሊ ለዘብ ባሉ ሥዕሎች ተካቸው። ምን ሆነ መሰላችሁ? በልጅነታቸው በእነዚያ ሥዕሎች ደንግጠው ያደጉ አንባቢዎች ቅር ተሰኙ፤ ከዓመታት በኋላ የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ተመለሱ። እኔ ግን ሥዕሎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ለ8 ዓመት ልጅ አልሰጥም። ትልልቆቹ ይከራከሩኝ።

እንግዲህ ልጅ የሚያስፈራ ነገር ጨርሶ አይስማ እንበል? እንደዚያ ካልን የእኛንስ ታሪክ ምን ልናደርገው ነው? በተአምረ ማርያም ያለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያልሰማችሁ የላችሁም። በላይ 78 ሰዎችን በላ። ቤተ ሰቦቹን እንኳ አልማረም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሰው እጅና እግር ይዞ ሲበላ ተሥሏል። በመጨረሻ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ለመነውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜም ያች ጥርኝ ውኃ መዝና ተገኘች። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ሁሉም ይሰማል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ጋቢ ተከናንቤ ነበር፤ አስፈሪው ላይ ሲደረስ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብሁት። ዛሬ ድረስ ያልረሳሁት ግን መብላቱን ሳይሆን ውኃውን ነው። ውኃው ያን ያህል የከበደልኝ ከፊቱ የነበረው ነገር ስላስፈራኝ ይመስለኛል። ልብ በሉ፣ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክና የአሜሪካዊውን ልብ ወለድ እኩል አላደርግም። የምለው ሌላ ነው፤ እኛ ልጆችን በፍርሃት በኩል አሳልፎ ወደ ምሕረት ማድረስን እናውቅበታለን። በየመንደሩ አያቶች አያ ጅቦን ሲያወሩ ልጆች እሳት ዳር ተጠጋግተው የሚሰሙት ፈርተው ነው፤ ግን «ይበቃል» የሚል ልጅ የለም፤ «ከዚያስ?» ነው የሚሉት።

በፍርሃትና በፍርሃት መካከል ልዩነት አለ። ስታይን እንደ መድኃኒት ሱስ፣ እንደ ወላጆች መፋታት ያሉትን የእውነተኛው ዓለም መከራዎች በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሆን ብሎ እንደማያስገባ ተናግሯል፤ ልጁ የሚያነበው ፈጠራ መሆኑን እንዲያውቅ ይፈልጋል። ቀልደኛ ነበረ ያልኋችሁም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ከድንጋጤው ቀጥሎ ሳቅ ይመጣል። መጽሐፍ ደግሞ እንደ ፊልም አይደለም። ፊልም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ዓይንህን ብትጨፍን እንኳ ድምፁ ይከተልሃል። መጽሐፍ ግን አንተ ካላነበብኸው አንድ እርምጃ አይራመድም። ክድን ስታደርገው ጭራቁ እዚያው ይቀራል። ፈሪ የሚባል ልጅ በእጁ የሚዘጋ ፍርሃት ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ለሁሉም ልጅ አልመክርም። ጦርነት ያየ፣ ቤቱ ሲቃጠል ያየ፣ ሰው ሲሞት ያየ ልጅ አለ፤ በእኛም ክፍል አለ። ለእንደዚህ ያለው ልጅ የበር መንኳኳት ጨዋታ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ የሚጮኽም ልጅ ቢያቆየው ይሻለዋል፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም። ጥንቆላን «እንዲህ አድርጉ» ብለው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ናቸው፤ ስለ እነርሱ አልከራከርም፣ አይነኩ። ታናናሾቻችሁን ለማስለቀስ ብላችሁ መብራት አጥፍታችሁ የምታነቡም ካላችሁ፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጉስባምፕስንም ቢሆን ያለ ነቀፋ አላልፈውም። ከብዙዎቹ ምዕራፎች መጨረሻ የሚመጣው ድንጋጤ ማታለል ነው። በሩ ይንኳኳል፣ ልብህ ይቆማል፣ ገጹን ስትገልጥ ጎረቤት ነው። አንዴ ያስቃል፤ አሥር ጊዜ ሲሆን ያናድዳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ክፉው ነገር እንደገና ብቅ የሚልባቸውም ብዙ ናቸው፤ ልጁን ሰላም አድርጎ ማስተኛት ሲገባ ሌላ መጽሐፍ እንዲገዛ መጎተት ይመስላል። የጭንብሉም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ ካርሊ ቤት ድና ቤቷ ከገባች በኋላ ታናሽ ወንድሟ ያንን ጭንብል አጥልቆ ፊቷ ይቆማል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ በዚህ አልተደሰትሁም። ደግሞም ሁልጊዜ ይህንኑ ብቻ የሚያነብ ልጅ ከመሰላሉ አንድ እርከን ላይ ተቀምጦ የቀረ ልጅ ነው።

ልጁ በሦስተኛው እሑድ መጣ። ያመጡት አያቱ ናቸው፤ እጁን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከክፍሉ በር ቆሙና «ምን አድርገኸው ነው ልጄ? ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለኝ» አሉኝ። የሠራሁትን ነገርኋቸው። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ገጹን አጥፌለት ነበር። የተቆጣሁት በልጆቹ ፊት ስለሆነ ይቅርታም የጠየቅሁት በልጆቹ ፊት ነው።

እማማ ሽፋኑን ትክ ብለው አዩትና «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው?» አሉ። እኔም ልጁን «ንገራቸው» አልሁት። አያቱ እንግሊዝኛ አይችሉም። እርሱም በአማርኛ ከሦስት ቃል በላይ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ጀመረ። ቃል ሲያጣ በእጁ ያሳያል፤ እማማ ቃሉን ይሰጡታል። ፊቱን ሸፈነ፤ «ጭንብል» አሉት። ጣቱን አጠማዘዘ፤ «ትል» አሉት። ነጭ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር፣ ቤት የሚለሰንበት ነገር እያለ ሲቸገር «ጀሶ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው ይሰማሉ። የእናትየው ምስል ልጅቷን እንዳዳናት ሲነግራቸው እማማ ዝም ብለው ቆዩና «እናት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ያ ልጅ ሩብ ሰዓት ሙሉ አማርኛ ተናግሯል።

ከዚያ ወዲህ ውል አለን። እርሱ አንድ ታሪክ ሲያመጣ እማማ አንድ ይመልሳሉ። እኔ ደግሞ የእማማን ታሪክ በትልልቅ ፊደል፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ገጽ እየጻፍሁ አመጣለሁ። ከስታይን የሰረቅሁት ዘዴ አለ፤ ገጹ የሚያልቀው ልክ በማይሆንበት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሌሊት ብቻዋን ቤት ስለምትጠብቅ ልጅና ስለ ጅብ ነበር፤ ያለቀውም በሩ ሲንኳኳ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሁለተኛውን ገጽ ይዤ መጣሁና ለዚያ ልጅ ሰጠሁት። እርሳሱ አልወደቀም። ውኃም አልጠማውም። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት፤ «ለ»ን ከ«ሰ» አሁንም አምታታ። ማንም አልሳቀም፤ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ሁሉም ማወቅ ፈልገው ነበርና።

ለመምህራንና ለወላጆች የምለው ካለ ይህ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ያሉ ትንንሽ መጻሕፍት ይጻፉ። አያቶቻችን የሚነግሩን ተረት ሞልቷል፤ የጎደለው ምዕራፉን አሳጥሮ፣ ፊደሉን አጉልቶ፣ በሩ ሲንኳኳ ማቆም የሚችል ጸሐፊ ነው። ለእናንተ ለልጆች ደግሞ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካላችሁ ከፊደል መጽሐፋችሁ ሥር አትደብቁት፤ ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው፣ ታሪኩንም በአማርኛ ንገሯቸው።

ባለፈው እሑድ እማማ ጠርተውኝ ነበር። አንድ ነገር ከነከናቸው። «ታናሽ ወንድሟስ? ጭንብሉን አወለቀው ወይስ እንደዚያው ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ እዚያ ላይ እንደሚያበቃ፣ ሁለተኛው ክፍል ግን በ1995 እንደታተመ ነገርኋቸው። የፊታችን ቅዳሜ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሄዱ ነው።